የመስመር ውፍረት
ጥርጥር በካርታ ላይ የተገለጸበትና የጠፋበት ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በሜይ 16 ቀን 1908 አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መንግሥታት መካከል ሁለት የወሰን ውሎች ተፈረሙ። አንደኛው የሱማሌን ወገን፣ ሁለተኛው ኤርትራን በደንከል በረሃ በኩል የሚመለከት ነበር። የሁለተኛው ውል ዋና ቃል አጭርና ግልጽ ይመስላል፤ ወሰኑ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከዳርቻው ጋር ጐን ለጐን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እያመራ፣ እስከ ፈረንሳይ ሱማሌ ጠረፍ ይደርሳል የሚል ነው። ይሁን እንጂ የተፈራረሙት ወገኖች ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ወሰን ሊሆን እንደማይችል ተረድተውታል። ስለዚህም ሁለቱ መንግሥታት በስምምነት መስመሩን በምድር ላይ እንዲያቆሙ፣ ሲያቆሙም ከመሬቱ ተፈጥሮና አቀማመጥ ጋር እንዲያስማሙት የሚያዝዝ ቃል ጨመሩበት። ይህ የተጨመረው ቃል የውሉ ኑዛዜ ነው ለማለት ይቻላል፤ መስመሩ ገና በትክክል እንዳልታወቀ ውሉ ራሱ መስክሯልና። የተባለው ሥራ ግን ሳይፈጸም ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ዐለፉ።

ዛሬ ኮምፒዩተር የከፈተ ሰው ያንኑ ወሰን በቅጽበት ያገኘዋል። መስመሩ ቀጭንና የጠራ ነው፤ እያጐሉ ቢያዩትም አይወፍርም፤ እያንዳንዱ መታጠፊያውም ከነጥብ በኋላ ስድስት አኀዝ ባለው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቍጥር ተመዝግቧል። በወገብ አካባቢ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስድስተኛው አኀዝ የሚያመለክተው 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ1908 ማንም ያልቀየሰው በረሃ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በስንዝር ተለክቶ ቀረበ ማለት ነው። ይህ እርግጠኝነት ከየት መጣ? ቀያሽ አላመጣውም፤ ሽማግሌም አልመሰከረለትም። ያመጣው የአሠራር ለውጥ ነው። የዚህ ለውጥ ታሪክ ካርታን በየቀኑ ለሚጠቀም መሐንዲስ ሁሉ የሚገባ ትምህርት ስላለው፣ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

በአዋሳኝ የተነገረ ወሰን

በኢትዮጵያ የመሬት ወሰን ለረጅም ዘመን ይነገር የነበረው በአዋሳኝ ነው። «በምሥራቅ የእገሌ ርስት፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን ትልቁ ዋርካ፣ በደቡብ የቤተ ክርስቲያኑ መሬት» ሲባል፣ አድማጩ የሚያገኘው የጐረቤቶችን ስምና በዐይን የሚታዩ ምልክቶችን እንጂ የልክ ቍጥርን አልነበረም። ወንዙ በክረምት ሞልቶ መውረጃውን ቢለውጥ፣ ወይም ዋርካው በመብረቅ ቢመታ ክርክር ይነሣል፤ ክርክር ሲነሣም ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ተጠርቶ፣ የወሰን ድንጋይ ይተከላል። ድንበር ገፊ በጐረቤት ዘንድ የተጠላ ሰው የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወሰኑ በመተማመን የቆመ በመሆኑ፣ ድንጋዩን ያንቀሳቀሰ ሰው የሚያፈርሰው መተማመኑን ነውና።

በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና ከዚያም ወዲህ መሬት በገመድ እየተለካ በቃላድ በተሸነሸነባቸው አገሮችም ቢሆን፣ ልኩ ከመሬቱ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነበር። መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ በሦስት ይከፈል ነበር፤ የአንድ ጋሻ ስፋትም እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። ገመዱ በቁልቁለት ላይ ይረግባል፤ በዝናብ ይኮማተራል፤ ለካዩም ሰው ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ሰው ጋሻን በክንድ እስከ መቍጠር አይደርስም ነበር።

ይህ አሠራር ዘመናዊ መለኪያ ለለመደ ሰው ልል ሊመስለው ይችላል። አንድ ትልቅ ደግነት ግን ነበረው፤ ከሚታወቀው በላይ አይናገርም። ወሰኑ እርግጥ በሆነበት ስፍራ ድንጋይ አለ፤ እርግጥ ባልሆነበት ስፍራ ደግሞ ጐረቤት አለ። የጥርጥሩ ስፍራና የጥርጥሩ ዳኛ አብረው ተጽፈዋል።

ባዶ ቦታና የተቈራረጠ መስመር

የካርታ ሠሪዎችም ታሪክ ቢመረመር ተመሳሳይ ጕዳይ ይገኛል። አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1573 ባሳተመው የቄሱ ዮሐንስ መንግሥት ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ወደ ደቡብ እጅግ ተለጥጣ፣ የማይታወቀው ምድር ሁሉ በተራራ፣ በሐይቅና በከተማ ስም ተሞልቶ ይታያል። ባዶ ቦታ መተው እንደ ነውር በሚቈጠርበት ዘመን፣ ወሬም ሆነ ግምት እንደ ልክ ይሣል ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በ1649 ሮም ላይ ተገናኝቶ፣ በኋላም በጎታ ከተማ አብሮት ሠርቶ፣ ከኢየሱሳውያን መልእክተኞች ጽሑፍ ጋር እያመሳከረ በ1683 ያወጣው ካርታ አገሪቱን ወደ እውነተኛ መጠኗ መለሳት። አገሩን በእግሩ የሚያውቅ አንድ ሰው የሰጠው ምስክርነት የብዙ ካርታዎችን ግምት አረመ።

ከዚህ በኋላ ፈረንሳዊው ካርታ ሠሪ ዣን ባፕቲስት ዳንቪል በ1749 ባሳተመው የአፍሪካ ካርታ ሌላ ርምጃ ወሰደ። ማስረጃ ያላገኘለትን የአህጉሩን መካከል ባዶ ተወው። ነጩ ቦታ ለተመልካቹ «ይህ አልታወቀም» የሚል ግልጽ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። አለማወቅን በካርታ ላይ ማሳየት የሥነ ካርታ አንድ ታላቅ የእውቀት ርምጃ ሆነ።

በ20ኛው ምእት ዓመት ይህ ልማድ ወደ ተራ ሕግ ተለወጠ። በጋ የሚደርቅ ወንዝ በተቈራረጠ መስመር ይሣላል። ያልተቀየሰ ተራራ በትክክለኛ ኮንቱር ፈንታ ቅርጹን ብቻ በሚያመለክት የግምት መስመር ይታያል። በምድር ላይ ያልተተከለ ወሰን በሰረዝ ይሰመራል። በአሜሪካ ጦር የካርታ አገልግሎት የተሠሩት የ1፡250,000 ካርታዎች በኅዳጋቸው ላይ የተሣለው የአገሮች ወሰን እንደ ሥልጣናዊ ማስረጃ መወሰድ እንደሌለበት የሚያስጠነቅቅ ቃል ነበራቸው። በ1፡1,000,000 መጠነ ልኬት በተዘጋጁት የአውሮፕላን መንገድ ካርታዎች ላይ ደግሞ የከፍታ ማስረጃው ያልተሟላበት ስፍራ ነጭ ሆኖ ይታተም ነበር፤ አብራሪው በዚያ ላይ ሲያልፍ ካርታውን ከመጠን በላይ እንዳያምን።

ከዚህም ሌላ ብዙ ካርታዎች በጥግ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሥዕል ነበረቻቸው። ይህቺ ሥዕል የካርታው የትኛው ክፍል ከጥሩ ቅየሳ፣ የትኛው ከችኰላ ጥናት፣ የትኛውስ ከአጠቃላይ መረጃ እንደ ተገኘ ትናገራለች። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና ዩኔስኮ ከ1971 እስከ 1981 ያሳተሙት በ1፡5,000,000 የተዘጋጀ የዓለም የአፈር ካርታ ይህን የመሰለ የማስረጃ ምንጭ ሥዕል ነበረው።

የወረቀቱ ካርታ ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሳይነገር የሚታወቅ ገደብ ነበረው። እርሱም የመስመሩ ውፍረት ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ መስመር በ1፡50,000 ካርታ ላይ 25 ሜትር፣ በ1፡250,000 ላይ 125 ሜትር፣ በ1፡1,000,000 ላይ 500 ሜትር፣ በ1፡5,000,000 ላይ ደግሞ 2.5 ኪሎ ሜትር ምድር ይሸፍናል። መሐንዲሱ በማጉያ መነጽር ቢያየውም የሚያገኘው የቀለሙን ጥቁረት ብቻ ነው። ካርታው ከአቅሙ በላይ እንዳይጠየቅ ወረቀቱ ራሱ ይከላከል ነበር።

ከወረቀት ወደ ቍጥር

በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ የጂኦግራፊ ባለሙያ በካናዳ የአገሪቱን የመሬት ሀብት ቈጠራ በኮምፒዩተር ለመያዝ የሚያስችል ዘዴ ማዘጋጀት ጀመረ። የካናዳ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት የተባለው ይህ ሥራ ለኋለኞቹ የጂ.አይ.ኤስ. ሥርዓቶች አባት ሆነ። ዓላማው የእርሻን፣ የደንን፣ የዱር አራዊትንና የመዝናኛን መሬት የሚያሳዩ እጅግ ብዙ ካርታዎችን እያነባበሩ ስፋታቸውን ማስላት ነበር። በእጅ ቢሠራ ዓመታት የሚፈጀውን ሥራ መሣሪያው በአጭር ጊዜ ይጨርሰው ነበርና ጥቅሙ የሚያከራክር አልነበረም።

ለዚህ ጥቅም የተከፈለውን ዋጋ ግን መረዳት ይገባል። ካርታ ወደ ቍጥር ሲለወጥ መስመር ማለት በቀጥታ ጭረት የተያያዙ ነጥቦች ተራ ማለት ሆነ። በሒሳብ ሕግ ነጥብ ስፋት የለውም፤ መስመርም ውፍረት የለውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ 500 ሜትር ይሸፍን የነበረው ቀለም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ዜሮ ሜትር ሆነ። የተቈራረጠው መስመርም ዕጣው ይኸው ነበር። ኮምፒዩተሩ የአንድን ክልል ስፋት ለማስላት ክልሉ በሁሉም በኩል የተዘጋ ፖሊጎን እንዲሆን ይፈልጋል፤ ክፍተት ያለው ወሰን እንደ ተቀደደ አቍማዳ ነው፤ አይሰፈርበትም። በመሆኑም መስመሩን ወደ ቍጥር የሚለውጠው ሠራተኛ በሰረዞቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ እያያያዘ ማለፍ ነበረበት። ከዚያ በኋላ በድንጋይ የተተከለው ወሰንና በግምት የተሣለው ወሰን በመረጃው ውስጥ ልዩነት የላቸውም።

በኅዳግ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያና በጥግ ላይ የነበረችው ሥዕልም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። የተገለበጡት መስመሮቹ ናቸው፤ ኅዳጉ ወረቀቱ ላይ ቀረ። በ1992 ለአሜሪካ የመከላከያ ካርታ ድርጅት ተዘጋጅቶ የወጣው የዓለም ዲጂታል ካርታ ከላይ በተነገሩት የ1፡1,000,000 የአውሮፕላን መንገድ ካርታዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። ለብዙ አገሮች በዲጂታል መልክ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ የመሠረት ካርታ በመሆኑ በየቦታው ተቀዳ፣ ተባዛ፣ በሌሎች ካርታዎች ሥር ገባ። ለአብራሪ ተብሎ የተሣለ መስመር ለመንገድ ጥናትና ለውሃ ሥራ መነሻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚጠቀምበት ሰው የመስመሩን አያት ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ጠበበ።

የተመራማሪዎች ማስጠንቀቂያ

ይህን አደጋ ያዩ ሊቃውንት አልጠፉም። ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዩልያን ፔርካል በ1950ዎቹ ዓመታት የካርታ መስመርን ርዝመት ሲመረምር፣ መስመርን ብቻውን በመውሰድ ፈንታ በግራና በቀኙ የተወሰነ ስፋት ያለው መቀነት አልብሶ ማየትን አስተማረ። መቀነቱ በግሪክ ፊደል ስም ኤፕሲሎን ተባለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የጂ.አይ.ኤስ. ተመራማሪዎች ይህን መቀነት የስሕተት መለኪያ አድርገው ወሰዱት፤ እውነተኛው ወሰን በመቀነቱ ውስጥ አንድ ስፍራ ይገኛል፣ የትኛው ላይ እንደሆነ ግን አይታወቅም ማለት ነው።

ማይክል ብሌክሞር በ1984 ባሳተመው ጥናት ይህን ሐሳብ ለተግባር አዋለው። አንድ ነጥብ በአንድ ክልል ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ነው ሲባል፣ ኮምፒዩተሩ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ ይመልሳል። ብሌክሞር መልሱን በአምስት ከፈለው፤ በእርግጥ ውስጥ፣ ምናልባት ውስጥ፣ የማይለይ፣ ምናልባት ውጭ፣ በእርግጥ ውጭ። የመቀነቱ ስፋት ሲታወቅ ከነጥቦቹ ብዙዎቹ «በእርግጥ» ከሚለው ወደ «ምናልባት» እንደሚሻገሩ ታየ። ከእርሱ በፊት በ1978 ማይክል ጉድቻይልድ ሁለት ካርታዎች ሲነባበሩ የሚፈጠሩትን ቀጫጭን ትርፍራፊ ፖሊጎኖች መርምሮ ነበር። ያው አንዱ ወንዝ በሁለት ካርታዎች ላይ በጥቂቱ ተለያይቶ ሲሣል፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል በምድር ላይ የሌለ ጠባብ መሬት ይወለዳል። መስመሮቹ በዝርዝር በተሣሉ መጠን ትርፍራፊዎቹም ይበዛሉ። ዝርዝርን የጨመረ ሁሉ እውነትን አልጨመረም።

ሌላው የጥርጥር ዐይነት ግን ከመለካት ስሕተት የማይመጣ ነው። ደጋና ወይና ደጋ የሚለዩበትን ስፍራ እንውሰድ የሚል መምህር ቢኖር፣ ተማሪዎቹ በየመጽሐፉ የተለያየ ቍጥር ያገኛሉ፤ አንዱ 2,300 ሜትር፣ ሌላው 2,400 ሜትር ይላል። ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢጠራ ገበሬው ገብስ መዝራት ትቶ ጤፍ የሚጀምርበት አንድ ርምጃ አይገኝም። ለውጡ ቀስ በቀስ ነው፤ ወሰኑ ራሱ ስፋት አለው። ሎትፊ ዛዴህ በ1965 ያቀረበው የደብዛዛ ስብስቦች ሒሳብ ለዚህ ዐይነቱ ነገር መግለጫ ሰጠ፤ አንድ ስፍራ ሙሉ በሙሉ ደጋ ወይም ሙሉ በሙሉ ወይና ደጋ ከመባል ይልቅ፣ በዜሮና በአንድ መካከል ባለ ቍጥር የደጋነቱ መጠን ሊነገር ይችላል። ፒተር በሮውና አንድሩ ፍራንክ በ1996 ያዘጋጁት ወሰናቸው ስላልተወሰነ የጂኦግራፊ ነገሮች የሚናገር መጽሐፍ ይህን የምርምር መንገድ በአንድነት ሰበሰበ።

ጥርጥሩ ከታወቀ በኋላ ለዐይን እንዴት ይታያል የሚለው ጥያቄ ተከተለ። አለን ማኬከረን በ1992 መስመርን ማደብዘዝን፣ እርግጥ ያልሆነውን ስፍራ በጭጋግ እንደ መሸፈን የመሰለ አሣሣልን አቀረበ። ፒተር ፊሸር በ1993 በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የአፈር ካርታን ሕያው አደረገው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሊሆን በሚችለው የአፈር ዐይነት ቀለም እንደ ዕድሉ መጠን እየተፈራረቀ ይለዋወጣል። እርግጥ የሆነው ስፍራ ረግቶ ይታያል፤ የሚያጠራጥረው ይርገበገባል። በ1992 በአሜሪካ መንግሥት የወጣው የጂኦግራፊ መረጃ መለዋወጫ ደንብ ደግሞ ከመረጃው ጋር አምስት ነገሮች እንዲጻፉ አዘዘ፤ የመረጃው ትውልድ፣ የአቀማመጥ ትክክለኛነት፣ የይዘት ትክክለኛነት፣ የአደረጃጀት ጽኑነትና የመረጃው ሙሉነት ናቸው። ይህ ደንብ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ የቀረውን ማስጠንቀቂያ ወደ ዲጂታሉ ዓለም ለማሻገር የተደረገ ሙከራ ነበር።

ሦስቱ ስድሳ ኪሎ ሜትሮች

አሁን ወደ 1908ቱ ውል እንመለስ ቢባል፣ ጥርጥሩ ሊቃውንቱ ከዘረዘሩት ሁሉ የተውጣጣ ሆኖ ይገኛል። «ከዳርቻው 60 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ቃል ለሦስት መሐንዲሶች ቢሰጡት ሦስት መስመር ይሣላል። የመጀመሪያው ከባሕሩ ዳርቻ ነጥቦች ሁሉ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ እያዞረ የክቦቹን ውጫዊ ጠርዝ ያያይዛል። ሁለተኛው የዳርቻውን መስመር እንዳለ አንሥቶ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ያዛውረዋል። ሦስተኛው ደግሞ የወሽመጡንና የባሕር ገቡን መሬት መጠማዘዝ ትቶ የዳርቻውን አጠቃላይ አቅጣጫ ብቻ ይከተላል። 10 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕር የገባ ጠባብ የመሬት ምላስ ቢኖር፣ በሁለተኛው ዘዴ ወሰኑም በዚያው ልክ ወደ ባሕሩ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ዘዴ ግን የምላሱ አሻራ እምብዛም አይታይም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ነው። በዳርቻው ፊት ያሉ ደሴቶች ይቈጠራሉ ወይስ አይቈጠሩም የሚለውም ጥያቄ አለ።

በምዕራብና በመካከል ያሉት የ1902ና የ1900 ውሎችም ከዚህ ዐይነቱ ችግር ነጻ አልነበሩም። የ1900ው ውል ወሰኑን በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች አስኪዶ፣ በ1894 ከታተመው የደ ሾራን ካርታ የተቀዳ ካርታ አያይዟል። ውሉ «በለሳ» ሲል አንድ ስም ነው፤ ምድሩ ላይ ግን ገባሮቹ ብዙ ናቸው።

ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሕይወት ካጠፋ በኋላ፣ በዲሴምበር 12 ቀን 2000 አልጀርስ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የወሰን ኮሚሽን ተቋቋመ። በኤሊሁ ላውተርፓክት ሰብሳቢነት የሠራው ይህ ኮሚሽን በኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ሰጠ። በውሳኔው የተመለከቱት የነጥብ ቍጥሮችም በምድር ላይ ችካል ሲተከል እንደገና ተሰልተው የበለጠ ትክክለኛ እንደሚደረጉ ተገልጾ ነበር። የመተከሉ ሥራ ግን ተቋረጠ። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2006 ባወጣው መግለጫ የወሰኑን ነጥቦች ከአየር ፎቶግራፍና ከመሬት ቅርጽ ሞዴል በማውጣት በቍጥር ዘርዝሮ አስታወቀ፤ ወገኖቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ችካሉን ካልተከሉ ወሰኑ በእነዚህ ነጥቦች እንደ ተተከለ ይቈጠራል አለ። የተሰጠው ጊዜ በኖቬምበር 2007 አበቃ፤ ችካሎቹም አልቆሙም። በድንጋይ ሊቆም የነበረው ወሰን በቍጥር ብቻ ቆመ።

ለሥነ ካርታ ታሪክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የነጥቡ ቍጥር የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ነጥቡ ያረፈበት መሬት ላይ የሚያርሰው ሰው ነጥቡን አያየውም። የጥንቱ የወሰን ድንጋይ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ወሰኑን ያመለክታል፣ ሁለቱም ወገኖች ቆመው ሲተከል እንዳዩትም ይመሰክራል። ቍጥር የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራል፤ ሁለተኛውን ግን መሥራት አይችልም።

በሱማሌ በኩል ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይገኛል። ብሪታንያ የቀድሞውን የኢጣሊያ ሱማሌ አስተዳደር በ1950 ለኢጣሊያ ባስረከበች ጊዜ፣ ወሰኑ እስኪወሰን ድረስ የሚያገለግል ጊዜያዊ የአስተዳደር መስመር ተሰመረ። ሱማሌ በ1960 ነጻነቷን ስታገኝም ጕዳዩ በስምምነት አልተቋጨም ነበር። ጥንቁቅ ካርታ ሠሪዎች ያን ክፍል በሰረዝ እየሣሉ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ይጽፉበት ነበር። ወደ ፖሊጎን በተለወጡ ብዙ መረጃዎች ውስጥ ግን ሰረዙም ቃሉም የሉም። ከዚህ የተሻለ አሠራር መኖሩን ለማሳየት፣ በ2009 በነጻ የተሠራጨው «ናቹራል ኧርዝ» የተባለው የዓለም ካርታ መረጃ ይጠቀሳል፤ በዚህ መረጃ ውስጥ እያንዳንዱ የወሰን መስመር የጸና፣ ያልተወሰነ ወይም አከራካሪ መሆኑን የሚናገር መለያ አለው። መለያው ካለ ሰረዙን መልሶ መሣል ለኮምፒዩተሩ ቀላል ነው።

በመስክ ላይ የሚገጥመው

ይህ ጕዳይ የአገሮችን ጠረፍ ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል፣ የዘወትር ሥራን መመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ የ1፡50,000 ካርታዎች ለረጅም ጊዜ የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለው ዳተምና በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ላይ ነው። የሳተላይት መለኪያው፣ ማለትም ጂ.ፒ.ኤስ.፣ በሌላ ዳተም ይሠራል። አንድ ሠራተኛ ይህን ሳያስተካክል የካርታውን የመረብ ቍጥር ከመለኪያው ቍጥር ጋር ቢያደባልቅ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ነጥቡ በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ 200 ሜትር ያህል፣ በምሥራቅና ምዕራብ ደግሞ 90 ሜትር ያህል ይዛነፋል። በሜይ 2000 የአሜሪካ መንግሥት የጂ.ፒ.ኤስ.ን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እስኪያቆም ድረስም፣ ተራው መለኪያ ራሱ እስከ 100 ሜትር ይሳሳት ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የተለካ ነጥብና ከዚያ በኋላ የተለካ ነጥብ በአንድ መዝገብ ውስጥ ጐን ለጐን ሲቀመጡ ግን አኀዞቻቸው እኩል የጠሩ ይመስላሉ።

አሁን በሁለት ወረዳዎች መካከል ያለ አንድ መንደር ይታሰብ። የወረዳው መስመር ከ1፡250,000 ካርታ ተገልብጦ ከሆነ፣ የመስመሩ ውፍረት ብቻ 125 ሜትር ነው፤ የዳተሙ መዛነፍ ሲጨመርበት መንደሩ በሙሉ በመቀነቱ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ግን ያለ ማመንታት ከሁለት ወረዳዎች አንዱን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ የጕድጓድ ውሃ የሚቈፈርለት፣ የእርዳታ እህል የሚታደልለት፣ የመንገድ በጀት የሚመደብለት ያ የተመረጠው ወረዳ ይሆናል። በሰንጠረዡ ውስጥ የገባችው ስም ሁለት ጊዜ ልትቈጠር ወይም ጨርሳ ልትረሳ ትችላለች። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም፤ ያደረገው ውፍረቱን ያጣ መስመር ነው።

የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራም በዚሁ መነጽር ሊታይ የሚገባው ነው። በ1998 በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የመጀመሪያው ደረጃ ማረጋገጫ በገመድ በመለካትና አዋሳኞችን በስም በመመዝገብ የተሠራ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ከአየር ወይም ከሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ እያንዳንዱን ማሳ ለይቶ በካርታ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ለመሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ፎቶግራፉ የሚያሳየው አጥሩንና ቦዩን ነው፤ በአጥሩና በቦዩ መካከል ያለው የሁለት ክንድ ድንበር የማን እንደሆነ የሚያውቁት አዋሳኞቹ ናቸው። አዲሱ ካርታ የአዋሳኞቹን ስም ይዞ ከተራመደ ሁለቱን ጥበቦች አንድ ያደርጋል፤ ስማቸውን ጥሎ ከሄደ ግን የቀድሞውን ኅዳግ መልሶ ይቈርጣል።

የባለሙያው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለባለሙያው የሚተርፉ ጥቂት ተግባሮች አሉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የወሰን መስመር ከየትኛው ካርታ፣ በየትኛው መጠነ ልኬት፣ በየትኛው ዓመትና ዳተም እንደ ተወሰደ ከመስመሩ ጋር መጻፍ አለበት፤ ለሙሉው ፋይል አንድ ማስታወሻ አይበቃም፤ አንዱ ወሰን ከወንዝ፣ ሌላው ከእርሳስ የመጣ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ ቍጥሩ ከመረጃው አቅም በላይ አኀዝ እንዳይሸከም ሊቈረጥ ይገባል፤ ከ1፡1,000,000 ካርታ የመጣ ነጥብ ስድስተኛ አኀዝ አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ካርታው ሲታተም ወይም በመስኮት ሲታይ ያልተረጋገጠው ክፍል በሰረዝ፣ በደበዘዘ ቀለም ወይም ስፋቱ በተጻፈ መቀነት ይታይ፤ ተመልካቹ እያጐላ ሲሄድም መቀነቱ አብሮት ይስፋ። አራተኛ፣ «ይህ መንደር የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሥርዓቱ «አይለይም» ብሎ የመመለስ መብት ይኑረው። «አይለይም» የሚል መልስ አንድ ሰው ወደ ስፍራው ሄዶ እንዲጠይቅ ያደርጋል።

የመጨረሻው ተግባር ከሁሉም ይከብዳል። ጥርጥር የሚታይበት ካርታ ለአለቃ ሲቀርብ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላል፤ ጥርት ያለው መስመር ግን የባለሙያውን ችሎታ የሚመሰክር ይመስላል። ይህን ፈተና ዳንቪል በ1749 ባዶውን ቦታ ሲተው ዐልፎታል። በ1908 ውሉን የጻፉትም «በምድር ላይ ይቁም» የሚለውን ቃል ሲጨምሩ በከፊል ዐልፈውታል። ከእነርሱ በኋላ ኅዳጉን የቈረጠው ማንም ይሁን ማን፣ መልሶ መለጠፉ በየዕለቱ መስመር ለሚያሰምር ሰው የተተወ ሥራ ነው። በመስመሩ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ይህን ሥራ ይጠብቃሉ፤ መስመሩ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።